ዝምድና በሩስኛ ስንት ስም አለው?

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ቡና ይዛችሁ አንብቡት።

ሰሞኑን አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። ወላጆቿ ጋሸና ናቸው፤ እሷ አዲስ አበባ ሶፍትዌር ትሠራለች። «ቲቸር፣ በሒሳብና በኮምፒውተር ያሉትን የሪሌሽን ዓይነቶች ከነሩስኛቸው ቢልኩልኝ» አለች። ሩስኛው ለታናሽ ወንድሟ ነው፤ የነጻ ትምህርት ዕድል አግኝቶ ሩሲያ ሊሄድ ነው። ዓይነቶቹ ግን ለራሷም ያስፈልጓታል። የቤተሰቧን ዘር ቆጠራ ኮምፒውተር ላይ እያስገባች ነበርና አንድ ቦታ ላይ ተያዘባት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ «የቤተሰብ ቁጥር» ልስጠው ብትል እምቢ አለ። አንዱ ሰው ሁለት ቁጥር ይፈልጋል፣ ልጁ አራት፣ የልጅ ልጁ ስምንት።

ለምን እምቢ እንዳለ የሚነግረን ያው የሪሌሽን ትምህርት ነው። ስለዚህ ለእህትና ለወንድም ባንድ ላይ የጻፍኩትን መልስ፣ በእሷ ፈቃድ፣ እዚህ ለጠፍኩት።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዝ። በአማርኛ ሒሳብ ስንጽፍ ሪሌሽንን «ዝምድና» እንለዋለን። ጥሩ ቃል ነው፤ ብቻ ሥራ በዝቶበታል። የእኔና የአክስቴ ነገር ዝምድና ነው። የ3 እና የ5 ነገርም ዝምድና ነው። ሁለት የኮምፒውተር ሠንጠረዦችን የሚያያይዘውን ክርም ዝምድና እንለዋለን። ሩስኛ ሦስቱን በሦስት ቃል ይለያቸዋል። የሥጋ ዝምድና «ራድስትቮ» ነው፤ ዘር፣ ትውልድ ከሚል ቃል የወጣ። የሒሳቡ «አትናሼኒዬ» ነው። የሚያያይዘው ክር ደግሞ «ስቭያዝ» ነው፤ ማሰሪያ እንደማለት። በሶቪየት ዘመን እዚያ ተልከን፣ አንድ ዓመት ቋንቋ ብቻ ተምረን ወደ ሒሳቡ ስንገባ፣ ቶሎ የጠቀመኝ ይኼ ልዩነት ነው።

ለምን ጠቀመኝ? ኤድጋር ኮድ የሚባል እንግሊዛዊ፣ ሒሳብ ተምሮ አይ.ቢ.ኤም. ውስጥ ሲሠራ የነበረ ሰው፣ በ1970 (እ.ኤ.አ.) አንድ ጽሑፍ አወጣ። ዛሬ ባንኩም፣ ሆስፒታሉም፣ አየር መንገዱም የሚጠቀምበት «ሪሌሽናል ዳታቤዝ» የተወለደው ከዚያ ነው። ብዙ ተማሪ «ሪሌሽናል» የተባለው ሠንጠረዦቹ እርስ በእርስ ስለሚያያዙ ይመስለዋል። አይደለም። እያንዳንዱ ሠንጠረዥ ራሱ ሪሌሽን ስለሆነ ነው። በሩስኛ ብትማሩት አትሳሳቱም፤ ሠንጠረዡ አትናሼኒዬ፣ በሠንጠረዦቹ መካከል ያለው ክር ስቭያዝ ነው። በቃ።

ታዲያ በሒሳብ ዝምድና ምንድን ነው? ጥንዶች የተጻፉበት መዝገብ ነው። ጥንዱ መዝገቡ ላይ ካለ ይዛመዳሉ፣ ከሌለ አይዛመዱም። መዋደድ የለ፣ መቀያየም የለ። ሒሳብ የሚያደርገው አንድ ነገር ነው፤ መዝገቡን ሦስት ጥያቄ ይጠይቀዋል።

አንደኛ፦ እያንዳንዱ ከራሱ ጋር ይዛመዳል? «እኩል ነው» ላይ አዎ፤ 5 ከ5 ጋር እኩል ነው። «ይበልጣል» ላይ የለም፤ ከራሱ የሚበልጥ ቁጥር አይኖርም። አዎ የሚለው «ሬፍሌክሲቭኖዬ» ይባላል።

ሁለተኛ፦ እኔ ካንተ ጋር ከሆንኩ አንተም ከእኔ ጋር ነህ? ጎረቤት እንዲህ ነው። አማችም እንዲህ ነው፤ የሚስቴ አባት አማቼ ነው፣ እኔም ለእሱ አማቹ ነኝ። አበዳሪ ግን እንዲህ አይደለም፣ እናትም አይደለችም። በሁለቱም በኩል የሚሠራው «ሲሜትሪችኖዬ» ነው።

ሦስተኛ፦ ይሻገራል? ሀ ከለ ጋር፣ ለ ከመ ጋር ከተዛመዱ፣ ሀ ከመ ጋር ይዛመዳል? የሰዋስው መምህሮቻችን «ተሻጋሪ ግስ» የሚሉትን ቃል እዚህ ብንጠቀምበት ልክ ይገባል፤ ተሻጋሪ። በሩስኛ «ትራንዚቲቭኖዬ»። ሞያሌ ወይም ጅቡቲ መስመር ላይ «ትራንዚተር» የሚባሉትን አስታውሱ፤ ነገሩ ማሻገር ነው። በዕድሜ መብለጥ ይሻገራል። ጓደኝነት አይሻገርም። የጓደኛዬ ጓደኛ ሰላምታ እንኳ ላይሰጠኝ ይችላል።

ሦስቱን ጥያቄዎች ጨርሳችሁ መልሶቹን ስትደምሩ ዝምድናዎች በሦስት ትልልቅ ወገን ይቆማሉ። ዩሊ ሽሬይደር የሚባል የሶቪየት ሊቅ በ1971 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ሦስቱንም ጠርቷቸዋል፤ እኩልነት፣ መመሳሰል፣ ቅደም ተከተል።

እኩልነት። ለሦስቱም ጥያቄ «አዎ» የሚል። በሩስኛ «አትናሼኒዬ ኤክቪቫሌንትኖስቲ»። የእኛ ምርጥ ምሳሌ ሞክሼ ነው። አንተ የእኔ ሞክሼ ከሆንክ እኔም ያንተ ነኝ፤ ያንተ ሞክሼም የእኔ ሞክሼ ነው። እንዲህ ዓይነት ዝምድና ሁልጊዜ አንድ ውጤት አለው፤ ሰዉን በሳጥን ይከፍለዋል። አበበዎች ባንድ ሳጥን፣ ከበደዎች ባንድ ሳጥን። ማንም ከሳጥን ውጭ አይቀርም፣ ማንም በሁለት ሳጥን አይገባም። ይህችን አረፍተ ነገር ያዟት፤ በኋላ እንፈልጋታለን።

ፊደላችንም ሞክሼ አለው። ሀ፣ ሐ፣ ኀ ባንድ ሳጥን፤ ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ እንደዚሁ። በዚህ ላይ ሀ እና ሃ ስናነባቸው አንድ ናቸው። እስቲ «ፀሐይ»ን ቁጠሯት። ለመጀመሪያው ፊደል 2 ምርጫ፣ ለሁለተኛው 6 ምርጫ (ሀ ሃ ሐ ሓ ኀ ኃ)፤ 12 ዓይነት አጻጻፍ። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 (እ.ኤ.አ.) ነው፤ እዚያ እያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር አለው። ለኮምፒውተሩ ሰ እና ሠ የማይተዋወቁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሞክሼ መሆናቸውን ካልነገራችሁት፣ ባንድ ሰነድ «ሠናይት» በሌላው «ሰናይት» ተብላ የተጻፈች ሴት ሁለት ሰው ሆና ትመዘገባለች። በመሥሪያ ቤት መስኮት ፊት የቆመ ሁሉ ይህን ያውቃል። ግን ልብ በሉ፤ በግዕዝ ሠዐለ ሥዕል መሥራት ነው፣ ሰአለ መለመን ነው። ለአማርኛ ንግግር እኩል የሆነው ለግዕዝ እኩል አይደለም። ስለዚህ «እኩል ናቸው» ስትሉ ለምን ጉዳይ እኩል እንደሆኑ አብራችሁ ተናገሩ።

ቅደም ተከተል። በሩስኛ «ፓርያዶክ»። ይሻገራል፤ በሁለት በኩል ግን አይሠራም። እኔ ካንተ ቀድሜ ከሆነ አንተ ከእኔ አልቀደምክም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ሙሉ ሰልፍ ነው፤ የትኛውንም ሁለት ብታነሡ ቀዳሚው ይታወቃል። ይኼ «ሊኔይኒ ፓርያዶክ» ነው። ቡናውን ማዘጋጀቱ ግን እንዲህ አይደለም። ሳይቆሉ መውቀጥ፣ ሳይወቅጡ ማፍላት የለም፤ ፍሬውን ማጠብና ከሰሉን ማቀጣጠል ግን የትኛውም ቢቀድም ግድ የለም። ይኼ «ቻስቲችኒ ፓርያዶክ» ነው፤ ከፊል ቅደም ተከተል። ዩኒቨርሲቲ የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚቀድም የሚወስንበት፣ ኮምፒውተር የትኛውን ፕሮግራም አስቀድሞ እንደሚጭን የሚያውቅበት ሥርዓት ይኼው ነው። «ከእገሌ ዘር የወረደ ነው» የሚለውም እዚህ ይመደባል።

መመሳሰል። ለራሱ አዎ፣ በሁለቱም በኩል አዎ፣ አይሻገርም። እንግሊዛዊው ክሪስቶፈር ዚማን በ1962 (እ.ኤ.አ.) «ቶለራንስ» አለው፤ በሩስኛ «አትናሼኒዬ ታሌራንትኖስቲ»። ቅርብ ለቅርብ ያሉ ሁለት ቀለማት ዓይን አይለያቸውም። መቶ እንደዚህ ያሉትን ከደረደራችሁ ግን አንደኛው ነጭ፣ መቶኛው ጥቁር ሊሆን ይችላል። መመሳሰል በየእርምጃው ትንሽ ትንሽ ይፈስሳል።

አሁን ወደ ተማሪዬ ጥያቄ መጣን። የላስታ፣ የዋድላ፣ የመቄት ሰው ልጁን ከመዳሩ በፊት ሰባት ቤት ያስቆጥራል። በዚያ ቆጠራ መሠረት «ዘመድ ነው» የሚለው ዝምድና ከሦስቱ ወገን የትኛው ነው?

እኩልነት ይመስላል። አይደለም። የአክስቴ ልጅ ዘመዴ ናት። የአክስቴ ባል እህት ለአክስቴ ልጅ ዘመዷ ናት፤ የአባቷ እህት ነቻ! ለእኔ ግን የሥጋ ዘመዴ አይደለችም፤ ልጇን ላገባ እችላለሁ። ድልድዩ ላይ አልተሻገረም። ሌላው ደግሞ ወሰኑ ራሱ ነው። ሰባተኛው ቤት ዘመድ ነው፣ ስምንተኛው ይጋባል። ከእኔ እስከ ሰባት፣ ከሰባተኛው ዘመዴ ደግሞ እስከ ሌላ ሰባት ብትሄዱ ለእኔ ባዳ የሆነ ሰው ጋ ትደርሳላችሁ። ስለዚህ የእኛ ዝምድና መመሳሰል ነው፤ ታሌራንትኖስት።

ከአባት በኩል ብቻ የሚቆጠርበት አገር ነገሩ ይለያል። በሶማሌም በኦሮሞም ጎሳ የሚወረሰው ከአባት ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አባቱ አንድ ስለሆነ ወደ ላይ የሚወጣው መንገድም አንድ ነው፤ በሒሳብ ፈንክሽን የምንለው ይኼ ነው። መንገዱ አንድ ከሆነ ሰው ሁሉ በአንድ ጎሳ ብቻ ይገባል፤ ሳጥን ይሠራል። የእኛ የደጋ ቆጠራ ግን በእናትም በአባትም ነው። የድሮ ርስትም እንዲሁ ነበር፤ በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ፣ ሰው በእናቱም በአባቱም በኩል ከየትኛውም አያቱ እየቆጠረ ርስት ይጠይቅ ነበር። ያን ሁሉ የርስት ክርክር የወለደው ይኼ ነው፤ አንድ ሰው የብዙ አባት ርስተኛ ነው፣ አንድ መሬት የብዙ ሰው ጥያቄ አለበት።

ለዚህ ነው «የቤተሰብ ቁጥር» እምቢ ያለው። ቁጥር ማለት ሳጥን ነው፤ ሳጥን የሚሠራው ደግሞ የሚሻገር ዝምድና ብቻ ነው። ወሰኑን እናንሣው ብትሉስ? ያለ ሰባት ቤት፣ እስከቻለው ድረስ ይሻገር ብትሉ፣ ሳጥኖቹ እርስ በእርስ እየተዋዋጡ በመጨረሻ አንድ ሳጥን ይቀራል፤ ሁላችንም የአዳም ልጆች። ወሰን ስታደርጉበት አይሻገርም፣ ወሰኑን ስታነሡ ሁሉም አንድ ይሆናል። በመሀል የተደረደሩ ብዙ ሳጥኖች የሚባል ነገር የለም።

ታዲያ መፍትሔው ምንድን ነው? ጋሸና ያደገ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም። ከምሥራቅ የወልድያው፣ ከምዕራብ የደብረ ታቦሩ፣ ከሰሜን የላሊበላው፣ ከደቡብ የኮን መንገድ እዚያ ይገናኛሉ። «በቀጥታ ይያያዛሉ» የሚል መዝገብ ብትጽፉ ጥቂት ጥንድ ነው፤ ወልድያ–ጋሸና፣ ጋሸና–ላሊበላ፣ ጋሸና–ፍላቂት፣ ጋሸና–ኮን። ወልድያ–ላሊበላ የሚል ጥንድ እዚህ መዝገብ ላይ የለም። ተሳፋሪው ግን ይደርሳል፤ ጋሸና ላይ ታጥፎ። ከትንሹ መዝገብ ተነሥታችሁ «መድረስ ይቻላል» የሚለውን ትልቁን መዝገብ ማውጣት «ትራንዚቲቭኖዬ ዛሚካኒዬ» ይባላል፤ የተሻጋሪነት መዝጊያ። (ዛሚካኒዬ ለኤሌክትሪክም ይውላል፤ ሾርት አደረገ ለማለት «ካሮትካዬ ዛሚካኒዬ» ይላሉ።) ጋሸና ከተማ የሆነችው በዚህ መዝጊያ ነው ብል አላጋነንኩም። መሀሉ ሲበጠስ ምን እንደሚሆንም እናውቃለን። በ2013 መጨረሻና በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ እዚያ በደረሰ ጊዜ፣ አንዷ ነጥብ ስትዘጋ ሙሽራም፣ እህልም፣ በሽተኛም የሚሻገርበት እንዳጣ አይተናል።

ለዘር ቆጠራውም መንገዱ ይኼው ነው። ትልቁን አትጻፊው፤ ትንሹን ብቻ ጻፊ። ሠንጠረዡ አራት ዓምድ ይበቃዋል፦ መለያ ቁጥር፣ ስም፣ የእናት መለያ ቁጥር፣ የአባት መለያ ቁጥር። አንዲት እናት ብዙ ልጅ አላት፣ ልጁ ግን አንዲት እናት፤ ይኼ «አዲን ካ ምኖጊም» ነው፣ አንድ ለብዙ። እድር ከሆነ ግን አንድ ሰው ሦስት እድር ይገባል፣ አንድ እድርም መቶ ሰው አለው፤ «ምኖጊዬ ካ ምኖጊም»፣ ብዙ ለብዙ። ለእሱ አባልነቱን ብቻ የሚመዘግብ ሌላ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ለዘር ግን አራቱ ዓምድ በቂ ነው። የቀረውን ኮምፒውተሩ ራሱ ወደ ላይ እየወጣ ያወጣዋል፤ ኤስኪውኤል ከ1999ኙ (እ.ኤ.አ.) ደረጃው ጀምሮ እንዲህ ያለ ተደጋጋሚ ጥያቄ ይፈቅዳል። ሰባት እርምጃ ሲሞላ ቁም በይው።

ሒሳቡ ደግሞ ይኼውላችሁ። ወላጅ 2፣ አያት 4፣ ቅድመ አያት 8 እያለ ሰባተኛው ቤት ላይ 128 ይደርሳል። ሲደመር 254 ሰው። (አንዱ ሰው በሁለት መንገድ ከመጣ ያንሳል።) ለወንዱ 254፣ ለሴቷ 254፤ ራሳቸውንም ጨምሪና ሁለቱን ዝርዝር አጋጥሚ። አንድም የጋራ ሰው ካልተገኘ ሰባት ቤቱ ንጹህ ነው። ስታጋጥሚ በስም ሳይሆን በመለያ ቁጥር ይሁን። ሞክሼ ሰዎች አሉ፣ ሞክሼ ፊደሎች አሉ፤ ስም ለዚህ ሥራ አይታመንም።

ስማችን ራሱ ምን ያህል እንደሚይዝ ደግሞ እዩት። የእኔ ስም፣ የአባቴ፣ የአያቴ። ከ254ቱ ሁለቱን ብቻ ይናገራል፤ እናት አንድም ቦታ የለችም። ሌላው 252 ያለው በሽማግሌዎችና በእናቶች አፍ ላይ ነው። እነሱም እያለፉ ነው፤ ገሚሱ ተፈናቅሎ ልጆቹ የተበተኑበት ነው። የጋሸና ልጅ ከጋሸና ልጅ ጋር ቤይሩት ወይም አዲስ አበባ ተዋውቆ፣ ተዋዶ፣ ቀለበት አድርጎ፣ ሽማግሌ ሲልክ ነው «ቆይ እስቲ፣ አያትህ የማን ልጅ ናት?» የሚባለው። መልሱን የሚያውቀው ሰው ደግሞ አምና ተቀብሯል። ተማሪዬ ይህን ሥራ የጀመረችው ለዚህ ነው፤ እጅግ ደስ ብሎኛል።

ለወንድሟ ለመንገዱ የሚሆነው ይኼ ነው፤ ሸምድደው፦

ዝምድና (የሒሳቡ)፦ አትናሼኒዬ
ለራሱ የሚሠራ፦ ሬፍሌክሲቭኖዬ
ለራሱ የማይሠራ፦ አንቲሬፍሌክሲቭኖዬ
በሁለቱም በኩል የሚሠራ፦ ሲሜትሪችኖዬ
በአንድ በኩል ብቻ የሚሠራ (እንደ «ያንሳል ወይም እኩል ነው»)፦ አንቲሲሜትሪችኖዬ
ተሻጋሪ፦ ትራንዚቲቭኖዬ
የእኩልነት፦ አትናሼኒዬ ኤክቪቫሌንትኖስቲ
የቅደም ተከተል፦ አትናሼኒዬ ፓርያድካ
የመመሳሰል፦ አትናሼኒዬ ታሌራንትኖስቲ
ፈንክሽን፦ ፉንክትሲያ
አንድ ለአንድ፦ አዲን ክ አድናሙ
ሪሌሽናል ዳታቤዝ፦ ሬልያትሲዮንናያ ባዛ ዳኒህ

መጨረሻቸው «ኖዬ» የሚሆነው አትናሼኒዬ ወንድም ሴትም ያልሆነ ሦስተኛ ጾታ ስለሆነ ነው፤ አማርኛ የሌለውን ነገር እዚያ ትለምደዋለህ። «ደህና ነህ?» ሲሉህ ደግሞ «ፍስዮ ፍ ፓርያድኬ» በላቸው፤ ሁሉም በቅደም ተከተሉ ነው፣ ሁሉ ሰላም ነው ማለት ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ልሰናበት። ሳጥን የሚወድ ኮምፒውተር ብቻ አይደለም። ሰውን በአንድ መስመር አስሞልቶ በአንድ ሳጥን የሚከት ፎርም ብዙ ነው። ወሎ ውስጥ ደግሞ እናቱ ከአንዱ፣ አባቱ ከሌላው፣ አያቱ ከሦስተኛው የሆነ፣ ባንድ ቤት ሙስሊምም ክርስቲያንም ዘመድ ያለው ሰው ሞልቷል። እንዲህ ያለውን ሰው «አንዱን ምረጥ» ስትሉት የእሱን መልስ አላገኛችሁም፤ የፎርሙን መልስ ነው ያገኛችሁት። ከዚያም የባሰ አለ፤ «ዘመዱ እንዲህ ያለ ነው፣ እሱም እንዲያው ነው» የሚለው አነጋገር። በዚህ ንግግር ሰው ሥራ አጥቷል፣ ከመኪና ወርዷል፣ ከዚያም የከፋ ደርሶበታል። ተናጋሪው ሳያውቀው የሚለው «ይኼ ዝምድና ተሻጋሪ ነው» ነው። አይሻገርም! ሰባት ቤት የቆጠሩ አባቶቻችን የሒሳቡን ስም ሳያውቁ ይህን ያውቁት ነበር፤ ዝምድና ከአንዱ ጋር አገናኝቶህ ከሌላው ጋር ባዳ ሊያደርግህ ይችላል፣ ደግሞም ባዳ የመሰለህን በሌላ በኩል ያመጣልሃል።

በሉ እንግዲህ። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬውኑ ደውሉና የእናታችሁን እናት እናት ስም ጠይቁ። ከ254ቱ ስንት እንደምታውቁ ቆጥራችሁ ንገሩኝ፤ ከሠላሳ በላይ ላገኘ የድሮ ተማሪዬ ቡና በእኔ ነው።

ቸር ይግጠመን።